ሦስት ብርጭቆ

ዲሞና፣ የነሐሴ ጧት፣ ገና ሁለት ሰዓት፣
ፀሐይ ግን አስፋልቱ ላይ እንደ ቤቷ ገብታበት፤
ከጤና ጣቢያው ኮሪደር፣ ከማቀዝቀዣው ቧንቧ ሥር
እምዬ ትርንጎ ቆማ ትጠጣለች፣ ስትቆጥር።

"አንድ" ትላለች፤ ታርፋለች። ዓይኗን ጨፍና "ሁለት"፤
ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቷ ጭምድድ ሲልባት።
ሦስተኛው ላይ ትንታ ይዟት፣ ደረቷን መታ መታ፣
አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ወረፋ ትይዛለች በዝምታ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ እንጀራዬ ሁለት አፍ ነው፣
የሷን ለነርሷ ለላሪሳ፣ የላሪሳን ለሷ የማቀብለው።
"ያየሽውን ተናገሪ" የሚል ውሌ ላይ ስላልተጻፈ
የቧንቧው ነገር እንዲሁ ሦስት ወር ተሸፍኖ አለፈ።

የተጀመረው ባሏ አያ ወንዳየሁ ባረፈ ሰሞን ነው፤
እህል አልወርድ ብሏት፣ ቀሚሷን ትከሻዋ ሲያንሸራትተው፣
ልጇ ከአሽዶድ መጥቶ፣ "ከአርባ ኪሎ በታች
ከወረድሽ፣ እማ፣ የአረጋውያን ቤት ነው" አላት። ሰማች።

ሰምታም አልተቀመጠች፤ መጀመሪያ ድንጋይ ሞከረች፣
ስምንት የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ በሹራብ ኪሷ ደበቀች።
ላሪሳ ሹራቡን ብታስወልቃት ድንጋዩ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤
"ዜና ልሰማ ነው" አለች። ሬዲዮው ግን የለ።

ከዚያ ወዲህ ነው ውኃ። ውኃ ኪስ አያሻው፣
ሹራብ ቢወልቅ አይንከባለል፣ ማን በርብሮ ያገኘው?

ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ በየጧቱ፣ ሦስቱ ብርጭቆ ስድስት መቶ፤
ሊትሩ ኪሎ ነው፣ ይሄን ልጅም ያውቀዋል አስልቶ።
"አርባ ከአምስት መቶ!" ትላለች ላሪሳ፣ "ጨመረች!"
"ጎበዝ ብላሻለች" እላለሁ፤ ትርንጎ ትሽኮረመማለች።
ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያ ስድስት መቶ ግራም
መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይቀራል፤ ከሷ ጋር አይመለስም።

አንድ ቀን አልቻልኩም። "እምዬ፣ ይሄ እኮ ሥጋ አይደለም፤
ውኃ ነው፤ ገብቶ ይወጣል፣ አጥንትሽ ላይ አይቀርም።"
"ያልወጣ ምን አለ ልጄ? ዱቄቱም ይወጣል፣ ዶሮውም፤
ነፍስም ብትሆን ተከራይ ናት፤ ቀኗ ሲደርስ አትቀርም።
ሚዛኑ የሚጠይቀኝ 'ስንት ነሽ?' ብሎ ነው፤
'ምንድን ነሽ?' ብሎኝ አያውቅ፤ እኔስ ለምን ልንገረው?"

ትናንት የደም ምርመራዋ መጣ። ላሪሳ በሩን ዘጋች፣
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ ሁለት ጊዜ አነበበች።
"በመጋቢት" አለች፣ "ኩላሊቷ እንደ በጋ ወንዝ ነበር፣
ጠብታ የማይገኝበት፣ የተሰነጠቀ አፈር።
አሁን ግን ደህና ነው። ጥም ከረሳት ቆይቷል፣ እርጅና እንዲህ ነው፤
ሚዛኑን ላታልል ብላ ነው ገላዋን ያጠጣችው።
በሬ ቧንቧው ፊት ለፊት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ።
ስድስት መቶ ግራም ቀንሼ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ፤
ሠላሳ ዘጠኝ ከዘጠኝ መቶ።
ለልጇ ስልክ ስመልስ ግን መቀነስ እረሳለሁ።
አርብና ቅዳሜም ትጠጣ በያት፤ እኛ ብንዘጋም።"

እንግዲህ ተርጉሚ! ትርንጎ ሚዛኑ ላይ ቆማለች፣
የእግር ጣቶቿን አሰልፋ በመሃላቸው ቁጥሩን ታያለች።
"አርብና ቅዳሜም ጠጪ ትልሻለች" አልኩ፤
የቀረውን ዋጥኩት፤ እንደ ሦስተኛው ብርጭቆ ታነቅኩ።

እሷ ላሪሳን አየች። ላሪሳ ጣሪያውን።
ከሚዛኑ ወረደች፤ አንድ እግር ጫማ አድርጋ፣ በእጇ ይዛ ሌላውን፣
"ታውቃለች አይደል?" አለችኝ፣ "ተይ፣ ለመሸፈን አትድከሚ።
በይ አሁን መንገድ ልቀቂ፤ ሽንቴ መጥቷል፤ ይሄን አትተርጉሚ።"